ሦስት ሽማግሌ ለአንድ ደረጃ

ሰኞ ከሰዓት ለፍቅሬ ልብስ መስጠት ቀልድ አይደለም። ሱሪ ብለህ ሰጥተህ ቁምጣ ልትቀበል ትችላለህ። ይሄን የሚያውቅ የሰበታ ሰው ጨርቁን ይዞ ማክሰኞ ነው የሚመጣው፤ የማያውቅ ደግሞ አንዴ ይማራል።

ሙሉ ስሙ ፍቅረሥላሴ ነው፤ በሙሉ ስሙ የሚጠሩት ግን ቀበሌና ስትቆጣ ሚስቱ ብቻ ናቸው። በወጣትነቱ ከደብረ ሲና መጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ኋላ የራሱን የስፌት መኪና ገዝቶ መናኸሪያው ጀርባ ሱቅ ከፈተ፤ ፀጉሩም እዚያው ሸበተ። የከተማው ግማሽ ወንድ የተሞሸረበትን ሱፍ የሰፋው እሱ ነው። ፉሪ ኮከብ የሚባለው የእግር ኳስ ክለብ ሲመሠረት የመጀመሪያውን ብርቱካናማ ማሊያ የሰፋውም እሱ ነው፤ ይሄን ሳይሰማ ከሱቁ የወጣ ደንበኛ ደግሞ የለም። አንድ አመል አለችው። ሲጨነቅ ቀኝ እግሩ መርገጫ ላይ ያለ ይመስል ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ቤተ ክርስቲያንም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ መኪና ኖረም አልኖረም፣ እግሩ ይሰፋል።

ዘንድሮ ያቺ እግር አላረፈችም። ፉሪ ኮከብ ከሊጉ ልውረድ አልውረድ እያለ ነበር። ያ አልበቃ ብሎ ደግሞ የኃይል ደረጃ የሚባል ጣጣ መጣ። "የሰኞ ሚዛን" በሚል የሬዲዮ ፕሮግራም ገመቺስ የሚባል ልጅ እግር ጋዜጠኛ አለ። ይሄ ገመቺስ በየሳምንቱ ቡድኖቹን ከጠንካራው እስከ ደካማው ይደረድራል። በነጥብ እንዳይመስላችሁ! ነጥቡማ በሊጉ ሰንጠረዥ ላይ አለ፤ ያሸነፈ ሦስት ይይዛል፣ የተሸነፈ ዜሮ ይይዛል፣ አለቀ። የኃይል ደረጃ ግን ጋዜጠኛው ሻዩን ፉት እያለ "እኔ እንደሚመስለኝ" ብሎ የሚያወጣው ነው። ይሄ "እኔ እንደሚመስለኝ" ስንት ቤት እንዳመሰ እሱ ራሱ አያውቅም።

ያን ሰኞ ፍቅሬ የአንድ ሙሽራ ኮት ይዞ ሬዲዮኑን ከፈተ። ፉሪ ኮከብ በሰንጠረዡ ከታች አራተኛ ነው፤ ከታች ያሉት ሦስቱ ናቸው ወራጆቹ። ገመቺስ ከላይ ጀምሮ እየቆጠረ ወረደ። ሦስቱንም ወራጆች ጠራቸው፣ ፉሪ ኮከብ ገና አልተጠራም። የፍቅሬ እግር መርገጫው ላይ ፈጠነች።

"ከሁሉም መጨረሻ ፉሪ ኮከብ" አለ ሬዲዮኑ። "ይሄ ቡድን በኳስ አይጫወትም ወዳጆቼ፤ ኳሱ ነው በቡድኑ የሚጫወተው።"

ከጎኑ ያለው ቴክኒሻንም ሳቀ፤ የሳቁ ድምፅ ጭምር ነው የተሰማው። ፍቅሬ ቀና ሲል የሙሽራው ኮት እጅጌ ጫፉ ድርግም ብሎ ተሰፍቶ ተዘግቷል። ሙሽራው እጁን ቢያስገባ መውጫ የለውም።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! የደጋፊዎቹ ቴሌግራም ግሩፕ ጋለ። አንዱ "ልጁ ተከፍሎት ነው" አለ፣ አንዱ "አያቱ የነማን ደጋፊ እንደነበሩ ይጣራልን" አለ፣ አንዱ ምንም ሳይናገር ዝም ብሎ ሲያለቅስ የሚሰማበት የድምፅ መልእክት ላከ። ባጃጅ የሚነዱት ጥሩምባ እየነፉ ከአለም ገና እስከ ሰበታ መሐል ወረዱ፤ ለምን እንደሚነፉ የጠየቃቸው ትራፊክ ፖሊስም ምክንያቱን ሲሰማ እሱም በሽቆ ለቀቃቸው። ፍቅሬ ራሱ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ደወለ። መስመር ላይ ሲያወጡት ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፍቶበት "አንተ ልጅ! አንተ ልጅ! እናት አለችህ?" ብቻ አለ። መስመሩን ቆረጡት።

ረቡዕ ማታ ከሥራ በኋላ ደጋፊዎቹ ኢብሮ ጫማ ሱቅ ተሰበሰቡ። ኢብሮ የፍቅሬ የልብ ጓደኛ ነው፤ ሰው የማያስቀይም፣ ደንበኛ ጫማው ጠበበኝ ቢለው "የኔ ጥፋት ነው" የሚል ዓይነት። አንዱ ጣቢያው በር ላይ እንሰለፍ አለ። ሌላው ማስታወቂያ የሚያስነግሩትን ድርጅቶች ዕቃ አንግዛ አለ፤ ራሱ የሚታጠብበት ሳሙና ከነሱ አንዱ መሆኑን ሲሰማ ግን ሐሳቡን ተወ። ፍቅሬ እስከዚያ እግሩን ሲያንቀሳቅስ ቆይቶ ተነሣ።

"ሽማግሌ እንላክበት" አለ።

ሁሉም ዞሮ አየው።

"ምን ታዩኛላችሁ? ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይላካል። ሰው ሲያስቀይምህ አባቱ ቤት ሽማግሌ ትልካለህ። ይሄ ልጅ ከሰማይ አልወረደም፣ አባት አለው። በአባቱ ፊት ቆመን 'ልጅዎ አስቀየመን፣ መጨረሻ ያደረገን አላግባብ ነው፣ ሰንጠረዡ ወደሚለው ቦታ ይመልሰን' እንላለን። ከዚያ ወዲያ እምቢ ካለ እሱ ያውቃል።"

እግዜር ያሳያችሁ፤ ጋዜጠኛን ስለ ደረጃ በሽማግሌ የሚለምን ደጋፊ በየትኛው አገር ታይቷል? እዚያ ቤት ግን አንድም ሰው አልሳቀም። ጭብጨባ ሆነ። ከሱሉልታ የታሸገ ውሃ የሚያመላልስ አንድ ደጋፊ የገመቺስን አባት ቤት አውቃለሁ አለ፤ ኦቦ ዲሪርሳ ይባላሉ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አረንጓዴ በር ነው፣ ልጁም እሁድ እሁድ አባቱ ጋ ነው የሚውለው። እንግዲያው እሁድ ተባለ።

እሁድ ሲባል የኢብሮ ፊት ተለወጠ። ፍቅሬን በክርኑ ጎሸም አድርጎ "እሁድ እኮ የወንዲ ነው" አለው በቀስታ።

ወንዲ የፍቅሬ ልጅ ነው። ያለው እሱ አንድ ነው። ቢራ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ተቀጥሮ የሚሠራ፣ አፉ ቁጥብ የሆነ፣ ኳስ የማይወድ ልጅ። ቡራዩ የምትኖር ቤቴል የምትባል ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ለቤተሰቧ ሽማግሌ መላክ የአባት ሥራ ነው፤ ፍቅሬም እምቢ አላለም። እምቢ ባለ ይሻል ነበር። "ፆሙ ይለፍ" አለ። ፆሙ አለፈ። "ክረምቱ ይውጣ" አለ። ክረምቱ ወጣ። "ውድድሩ መሐል ላይ ነው፣ ልቤ አልተሰበሰበም" አለ። በስንት ልመናና በሚስቱ በአትክልት ቁጣ ይኸው ለፊታችን እሁድ ስድስት ሰዓት ቡራዩ ቀጠሮ ተይዟል። የቤቴል አባት አቶ ተሾመ የቅርብ ዘመዶቻቸውን ጠርተዋል። ሽማግሌ ሆነው የሚሄዱትም ፍቅሬ ራሱ፣ ኢብሮና ኦቦ ጃራ ናቸው።

"ቢሆንስ?" አለ ፍቅሬ። "እሁድ ቀኑ ሙሉ ነው። ጠዋት ሱሉልታ፣ ስድስት ሰዓት ቡራዩ። መንገዱም አንድ ነው፣ ሽማግሌዎቹም ያው ነን።"

"ኦቦ ጃራስ? ለኳስ ብለው ይሄዳሉ?"

"እሱን ለኔ ተወው።"

ይሄ "ለኔ ተወው" ነው ሁሉንም ያመጣው። ኦቦ ጃራ ከተፍኪ ወዲህ ያሉ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ስንት ደም አድርቀዋል፣ ስንት ትዳር አቁመዋል፤ እሳቸው የቆሙበት ቤት እምቢ ብሎ አያውቅም ይባላል። ስለ ኳስ የሚያውቁት ማሳቸው ውስጥ ሲገባባቸው ብቻ ነው። ፍቅሬ ለእኒህ ሰው ስለ ገመቺስ ሊነግራቸው ሐሙስ አሰበ፣ አፈረ። ዓርብ አሰበ፣ አፈረ። ቅዳሜ ደውሎ "አባቴ፣ ነገ በጠዋት ነው የምንነሣው" አላቸውና ዘጋው። መንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ ብሎ ራሱን አጽናና።

እሁድ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ሱፉን ሲለብስ ወንዲ በር ላይ ቆሞ ያየዋል።

"ቀጠሮው በስድስት ሰዓት አይደል እንዴ አባዬ?"

"መንገዱ አይታመንም ብዬ ነው።"

"ዛሬን እንዳትነካብኝ" አለ ወንዲ።

"ምን ሆነሃል አንተ? ልጄ አይደለህ?" ብሎ ፍቅሬ ጫማውን ሳያሥር ወጣ። አትክልት ከኋላ "ፍቅረሥላሴ!" ብላ ስትጣራ ሰምቷል፣ አልዞረም።

ሦስቱ ሚኒባስ እየቀያየሩ አዲስ አበባን አቋርጠው በአዲሱ ገበያ በኩል ሱሉልታ ሲደርሱ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መንገዱን ሁሉ ፍቅሬ "አሁን ልንገራቸው" ይላል፤ አንዴ ኦቦ ጃራ ያንቀላፋሉ፣ አንዴ ረዳቱ ይጮኻል፣ አንዴ ድፍረቱ ይጠፋል። ኢብሮ በዓይኑ ይጠቅሰዋል፣ እሱ መስኮት ያያል። አረንጓዴው በር ተከፈተ። ኦቦ ዲሪርሳ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ኦቦ ጃራ ገና ሲያዩዋቸው በትራቸውን ተከሉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁና በኦሮምኛ ሰላምታቸውን አዘነቡት፦ አካም ቡልተን፣ ከብቱ ደህና፣ ቤቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና። ኦቦ ዲሪርሳም በዚያው ልክ መለሱ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንዴ ተስማሙ።

ፍቅሬ ኦሮምኛ ለገበያ የሚሆን ያህል ይችላል፤ እንዲህ ያለ የአዋቂ ንግግር ግን ያመልጠዋል። ደስ ብሎት ቆመ። እንዴት ያሉ ተናጋሪ ይዤ መጣሁ እያለ ነው በሆዱ። እንዲህ ተለምኖ ገመቺስ ከመጨረሻ ባያነሣን ምን አለ በሉኝ አለ። ኦቦ ዲሪርሳ እንዲቀመጡ አዘዟቸው፤ ትኩስ ወተት መጣ። ከጓዳ ሹክሹክታ ተሰማ። እናትየው መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አዩና ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ተመለሱ። ለደረጃ ይሄን ያህል? አለ ፍቅሬ በልቡ።

ያን ጊዜ ከኦቦ ጃራ ንግግር ውስጥ አንድ ቃል ጆሮው ገባ። "ኢንተለ።" ሴት ልጅ ማለት ነው። ቀጥሎ የወንዲ ስም። ቀጥሎ ፋብሪካ፣ ደመወዝ፣ ጨዋነት።

ፍቅሬ የወተቱን ብርጭቆ አስቀመጠ። ኦቦ ጃራ ምን ያድርጉ? ለወንዲ ሽማግሌነት ተጠርተዋል፣ ቡራዩ ይሁን ሱሉልታ የነገራቸው የለም፣ በጠዋት ተነሥተዋል፣ አንድ በር ላይ ደርሰዋል፤ የቤቴል ቤት ይሄ ካልሆነ የት ነው? ሥራቸውን ነው የሠሩት። የኦቦ ዲሪርሳን ልጅ ለወንዲ ጠየቁ።

ፍቅሬ ያኔውኑ መናገር ነበረበት። አልተናገረም። ትንሽ ቀዳዳ ባገኝ ብሎ ሲጠብቅ ረፋዱ አልፎ እንጀራው ቀረበ፣ እንጀራ ቀርቦ ስለ ኳስ እንዴት ይነሣል? ገለቴ የሚሏት የቤቱ ልጅ የእጅ ውሃ ይዛ ወጣች። ሠላሳን ያለፈች፣ ረጋ ያለች፣ የክት ነጠላዋን ፈጥና የደረበች። ለሦስቱም ዝቅ ብላ አስታጠበች። የፍቅሬ እግር ከጠረጴዛው ሥር ትሮጣለች።

ያን ጊዜ ገመቺስ በፒጃማ ሱሪ፣ ስልኩን እያየ፣ እንቅልፉ ሳይለቀው ብቅ አለ። "እንዴት አደራችሁ፣ ምንድነው ነገሩ?" አለ።

"ለእህትህ ሽማግሌ መጥቶ ነው" አሉት አባቱ፤ ድምፃቸው ላይ ደስታው ያስታውቃል።

ፍቅሬ ተነሣ። "ይቅር በሉኝ" አለ። "ይቅር በሉኝ፣ እኛ የመጣነው ለሴት ልጅዎ አይደለም፤ ለሱ ነው።"

"ለማን?"

"ለገመቺስ። ፉሪ ኮከብን በኃይል ደረጃ መጨረሻ ስላደረገብን።"

ገመቺስ ትኩር ብሎ አየውና "አንተ ልጅ! አንተ ልጅ!" አለ። "እርስዎ ነዎት እንዴ የደወሉት?" ብሎ ሳቁን ለቀቀው። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ብቻውን ነበር የሳቀው። እናትየው መጋረጃውን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። ኦቦ ዲሪርሳ አንገታቸውን ደፉ። ኦቦ ጃራ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ፍቅሬ። በሰው ልጅ ፊት ዋሾ አደረግኸኝ። በዚህ ዕድሜዬ።"

ገለቴ ጣሳውን መሬት አስቀመጠች። አላለቀሰችም። እንዲያውም ከሁሉም ይልቅ የተረጋጋችው እሷ ነበረች።

"ይሄ ወንዲ ያላችሁት ልጅስ? አለ ወይስ እሱም ኳስ ነው?" አለች።

"አለ እንጂ" አለ ኢብሮ፣ ውሸት የማይሆንለት ሰው። "ቡራዩ ነው የሚያገባው። ዛሬ በስድስት ሰዓት ይጠብቁናል።"

ገለቴ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። "ስድስት ሰዓት እኮ ሆነ" አለች። "ሂዱ እንጂ። እኔስ ሳላውቅ ነው የጠበቅኳችሁ፤ ያቺ ግን አውቃ ነው የምትጠብቀው።"

እንዴት እንደወጡ ፍቅሬ አያስታውስም። በሩ ላይ ገመቺስ "ይሄማ ታሪክ ነው፣ አንድ ፎቶ ብቻ" ብሎ አቆማቸው፤ እምቢ ለማለትም አቅም አልነበራቸውም። ሦስት በሱፍና በጋቢ የታሸጉ ሰዎች፣ ፊታቸው የተሰቀለ፣ አረንጓዴ በር ፊት።

መንገዱ የእሁድ ነገር ሆኖ ተዘጋግቷል። አዲሱ ገበያ ላይ ሠርገኛ፣ ዊንጌት ላይ ቁፋሮ፣ አስኮ ላይ ሰልፍ። አትክልት ትደውላለች፣ ወንዲ ይደውላል። "እየደረስን ነው" ይላል ፍቅሬ፤ የት እንደደረሱ ግን አይናገርም። ኦቦ ጃራ ከሱሉልታ ቡራዩ ኬላ ድረስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ። ፍቅሬ በዕድሜው እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም፤ ወርጄ በእግሬ ልሩጥ እያለ ነው በሆዱ።

ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። የአቶ ተሾመ ግቢ ተጠርጓል፣ የተከራዩት ፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበው በር ሥር ተቀምጠዋል፣ የመጣው ዘመድ ሄዷል። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው አቶ ተሾመ፣ ሰውነታቸው በር ይሞላል። አልጮኹም። ሦስቱ እንደ ወጉ ቆሙ። ኦቦ ጃራ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሊናገሩ ሲሉ አቶ ተሾመ በአክብሮት እጃቸውን አነሡ።

"አባቴ፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ ይቀመጡልኝ። ለሳቸው ነው ጥያቄዬ።" ወደ ፍቅሬ ዞሩ። "ከየት ነው የመጣችሁት?"

"ከሰበታ" አለ ፍቅሬ።

አቶ ተሾመ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩት። አረንጓዴ በር፣ ሦስት ሽማግሌ። ከላዩ ላይ "የፉሪ ኮከብ ደጋፊዎች ስለ ኃይል ደረጃ ሽማግሌ ላኩብኝ" የሚል ጽሑፍ። ከሥሩ ሳቅ፣ ሳቅ፣ ሳቅ፤ አገር ሙሉ ሰው እየሳቀ ነው።

"ልጄ ናት ያሳየችኝ" አሉ አቶ ተሾመ። "ጠዋት ፀጉሯን ተሠርታ እዚያ መስኮት ጋ ተቀምጣ ነበር። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ስምንት ላይ ይሄን አመጣችልኝ። 'አባዬ፣ እነሱ ናቸው' አለችኝ።"

ፍቅሬ ምን ይበል? "አጥፍቻለሁ" አለ። "ልጁ አላጠፋም። እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ወንዲን ብጠላ ኖሮ በሩን አልከፍትም ነበር። ሌላ ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ፣ ወጉም ነው።" ትንሽ አሰቡና "የዛሬ ሁለት ሳምንት። እሁድ። ዘጠኝ ሰዓት" አሉ።

ኢብሮ ፍቅሬን በክርኑ ጎሸም አደረገው። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ዘጠኝ ሰዓት የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ፉሪ ኮከብ ካሸነፈ ይተርፋል፣ ካልሆነ ይወርዳል። አቶ ተሾመም ይሄን አላጡትም፤ ዓይናቸው ይናገራል።

"እንመጣለን" አለ ፍቅሬ።

ማታ ቤት ሲገባ አትክልት እራቱን አቅርባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወንዲ ግን ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

"አባዬ፣ ባንተ ደረጃ እኔ ስንተኛ ነኝ?" አለው።

ፍቅሬ መልስ ፈለገ። ለሬዲዮኑ፣ ለገመቺስ፣ ለሊጉ ሁሉ መልስ ያለው ሰውዬ ለዚች ጥያቄ አጣ። ወንዲ ተነሥቶ ገባ።

በነጋታው "የሰኞ ሚዛን" ላይ ገመቺስ እየሳቀ "ለሽማግሌዎቹ እግር ስል ፉሪ ኮከብን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጌዋለሁ" አለ። አቤት የነበረው ጩኸት! ባጃጁ፣ ጥሩምባው፣ ቴሌግራሙ። ከመጨረሻ ተነሥቶ ከመጨረሻ ሁለተኛ የሆነ ቡድን እንዲህ ሲጨፈርለት ታይቶ አይታወቅም። በተራው መጨረሻ የሆነው ቡድን ደጋፊዎች ደግሞ በሳምንቱ የራሳቸውን ሽማግሌ እንደሚልኩ ዛቱ። ፍቅሬ ሱቅ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ "ጀግናችን!" ሲለው እሱ ሬዲዮኑን አጠፋና ያን የተዘጋ እጅጌ መተርተሩን ቀጠለ። ኦቦ ጃራን ይቅርታ ሊጠይቅ ተፍኪ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ በሦስተኛው ነው ሽማግሌው "እሺ፣ ለልጁ ስል" ያሉት። በእሳቸው በኩልም ለኦቦ ዲሪርሳ ቤት ይቅርታ ተላከ። ገለቴ "ለሙሽራዋ ሰላም በሉልኝ" አለች አሉ።

ያ እሁድ ደረሰ። ሰበታ ብርቱካናማ ለበሰች። "ፍቅሬ ሜዳ አይመጣም" የሚለው ወሬ ሲሰማ አንዱ ታሟል አለ፣ አንዱ ቡድን ቀይሯል ብሎ ሊደባደብ ቃጣው። ፍቅሬ ሱፉን ለብሶ የጫማውን ክር ሁለት ጊዜ አሠረ። ወንዲ ከክፍሉ ወጣ፤ በግድግዳው ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን የአባቱን ብርቱካናማ ስካርፍ አነሣና አንገቱ ላይ ጣለው። አላማረበትም።

"የት ልትሄድ ነው?" አለ ፍቅሬ።

"ሜዳ። ልጁ ሽማግሌዎቹ ጋ አይገባም አይደል? ቤት ተቀምጬ ከማብድ ባንተ ቦታ ልጩህልህ።" ትንሽ ፈገግ አለ። "ምን እያልኩ እንደምጮህ ግን አላውቅም።"

ፍቅሬ ስካርፉን አስተካከለለት። "ዝም ብለህ ጩህ" አለው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱ የአቶ ተሾመ ሳሎን ቆመዋል። ጎረቤት የሆነ ቤት ጨዋታው በቴሌቪዥን ተከፍቷል፤ ድምፁ በግድግዳው ያልፋል። ኦቦ ጃራ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በትራቸውን ተክለው፣ እንዳለፈው ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ ጀመሩ። የአገሩን ሰላም፣ የዝናቡን ነገር፣ የቤቱን ክብር። በመሐል ከጎረቤት ከባድ ጩኸት ተነሣ። ጎል ነው። የማን? ጩኸቱ አይለይም። የፍቅሬ ኪስ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፣ ደግሞ ተንቀጠቀጠ። እግሩ ጀመረች።

አቶ ተሾመ ያችን እግር ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ኦቦ ጃራን በዓይናቸው ይቅርታ ጠይቀው "አቶ ፍቅሬ፣ ውጤቱን ማወቅ አልፈለጉም?" አሉ።

"ፈልጌያለሁ" አለ ፍቅሬ። "ምን ብዬ እዋሽዎታለሁ፣ እግሬን እያዩት ነው። ይሄን ክለብ ከልጄ እኩል ነው ያሳደግኩት። እንዲያውም ከልጄ አስበልጬ፤ ጥፋቴም እሱ ነው። ልጄ 'ስንተኛ ነኝ' ብሎ ጠየቀኝ፣ መልስ አጣሁ። መልሱን ይዤ ነው የመጣሁት። ልጅዎን ለልጄ ይስጡልኝ፣ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።"

ኦቦ ጃራ ያዘጋጁት ንግግር ገና ግማሹ ነበር። በትራቸውን አየት አድርገው "እንግዲህ፣ ተናግሮታል" አሉ።

አቶ ተሾመ ወደ ጓዳ ዞሩ። "ቤቴል! ነይ፣ እንግዶቹን ቁጭ አድርጊያቸው" አሉ።

ቁጭ አሉ። ተበላ፣ ተመረቀ፣ የሠርጉ ወር ተነሣ። ውጭ ሲወጡ ሊመሽ ነው። ፍቅሬ በር ላይ ቆሞ ስልኩን አወጣ፤ ያመለጠው ጥሪ ሁሉ የወንዲ ነው። ደወለ።

"ምን አሉ?" አለ ወንዲ ሳያስጨርሰው። ከኋላው የሰው ጫጫታ ድብልቅልቅ ይላል፤ ዘፈን ይሁን ለቅሶ አይታወቅም። ድምፁ ጎርንኗል፣ ሲጮህ የዋለ ነው። "አባዬ? ምን አሉ?"

"ሰጡን" አለ ፍቅሬ። "ሰጡን ልጄ!"

ፍቅሬ የልጁን ለቅሶ ሰማ፤ ከሕፃንነቱ ወዲህ ሰምቶት አያውቅም። "በቃ፣ በቃ፣ እየመጣሁ ነው፤ ቤት ስትገባ እናትህን የቡና ውሃ ጣጂ በላት" እያለ እሱም ያለቅስ ጀመር። ስልኩን ዘግቶ ዓይኑን በኮቱ እጅጌ ጠረገ።

ሚኒባስ ውስጥ ገብተው አስኮን ሲያልፉ ኢብሮ አላስችል ብሎት ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

"ስንት ለስንት አለቀ?"

ፍቅሬ ዞሮ አየው፤ ቀልድ መሰለው። ከዚያ የጨዋታው ነገር መሆኑ ገባው። እግሩን አየ፤ ከወንበሩ ሥር ተዘርግታ ዝም ብላለች።

"አልጠየቅሁትም" አለ።